ጥጥና ቡና አዲስ ቤት ገቡ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ስላሠራሁት የጥንቸል ኬጅ

ቁስሉን ያየሁት ጥንቸላችንን ጥጥን አቅፌ ጥፍሯን ልቆርጥ ስል ነው። የኋላ እግሯን ገልብጬ በስልኬ መብራት ሳየው ተረከዟ ላይ ያለው ጸጉር አልቋል። የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ተልጣ ቀልታለች፣ መሃሏ ላይ እርጥብ ቅርፊት አለ። ሁለተኛዋን ጥንቸል ቡናንም አነሳኋት። እሷንም ጀምሯታል። ስንት ቀን በዚህ እግር እንደዘለሉ ሳስብ ዕንባዬ መጣ። ጥንቸል ሲያማት አትጮህም። ጥግ ይዛ ዝም ትላለች እንጂ።

ጥፋቱ የኬጁ ነበር። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ በ6,500 ብር ነው የገዛሁት። ከውጭ የመጣ፣ የሚታጠፍ፣ ቀለሙ የሚያምር። ሻጩ "ለድመትም ለጥንቸልም ይሆናል" አለኝ፤ አመንኩት። ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ነው። ውሻና ድመት መዳፋቸው ሥር ወፍራም ትራስ አላቸው። ጥንቸል ያላት ጸጉር ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት ቀጭን ሽቦ ላይ ስትቀመጥ ጸጉሩ ያልቃል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይቆስላል። የእንስሳት ሐኪሙ እግሯን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምግቧ አልነበረም። "ወለሉ ምንድን ነው?" አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ሆነ። የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ግቢያችን ድመት አይጠፋበትም፤ ዓሣ በተበላ ቀን ደግሞ ይብሳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ድው ድው የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጥንቸል አደጋ ስትሰማ በኋላ እግሯ መሬቱን ትደልቃለች። ሮጬ ስወጣ አንድ ዥንጉርጉር ድመት እጁን እስከ ክንዱ ድረስ በሽቦው መሃል አስገብቷል። ቡና ተቃራኒው ጥግ ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። አልነካትም። ግን ጥንቸልን ድንጋጤ ብቻውን ሊገድላት ይችላል። ተደናግጣ ስትፈራገጥም የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች፤ አጥንቷ ቀጭን ነው። ያን ሌሊት ሁለቱንም ወጥ ቤት አሳደርኳቸው። በማግሥቱ ብረታ ብረት ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። ሁለቱ የዶሮ ኬጅ አሳዩኝና "ይኼው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ በያጅ ግን ለየት ያሉ ሰው ናቸው።

"ለዶሮ ነው?"

"ለጥንቸል ነው ጋሼ።"

"ጥንቸል እኮ አይበላም ልጄ። ምን ያደርግልሻል?"

"ልጄ ናት የምታሳድጋቸው። የቤት ልጆች ናቸው።"

ሌላ አልጠየቁኝም። የጥጥን እግር ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሽቦ አመጡ። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ነው። ሁለት ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው ሳብ ሲያደርጉት ተለጠጠ። "ይሄ ዶሮ እንዳትወጣ ነው እንጂ ሌባ እንዳይገባ አይደለም" አሉኝ። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፣ ሸለምጥማጥም አይቸግረውም። ሌላው ጠንካራ ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ብቻ፣ ማለትም ወደ 1.3 ሴንቲ ሜትር። የድመት እጅ አያልፍበትም፣ ትልቅ አይጥም እንደዚያው። እሱን መረጥን።

ስፋቱን በልጄ ደብተር ላይ ሥዬ ነው የሄድኩት። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 75፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር። ቁመቱን የወሰንኩት ቡና በኋላ እግሯ ስትቆም ለክቼ ነው፤ ጆሮዋ ጣሪያ መንካት የለበትም። ርዝመቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚያዘልላት እንዲሆን ፈለግሁ። ይህም ቢሆን ማደሪያ ነው እንጂ መዋያ አይደለም። ጥንቸል ንጋትና ምሽት ላይ ነው የምትነቃቃው። ስለዚህ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ግቢ ውስጥ እየጠበቅናቸው እንለቃቸዋለን።

ወለሉ ላይ ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ሁለት ሦስተኛው የተላገ ጣውላ ሆነ፣ ላዩ ላይ ደረቅ ሳር ይነጠፍበታል። የቀረው ክፍል፣ ሽንት እንዲያልፍበት፣ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ የላሜራ ትሪ አለው። ጥንቸሎች አንዱን ጥግ ሽንት ቤት ማድረግ ይወዳሉ፤ ሁለቱም የሽቦውን ጥግ በሳምንት ውስጥ ለመዱት። መተኛት ግን ሳሩ ላይ ነው።

ሽቦውን ከቱቦላሬው፣ ማለትም ከኬጁ የብረት ቱቦ ፍሬም ጋር አልበየዱትም። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ሲበየድ ልባሱ ይቃጠላል፣ እዚያ ቦታ ላይ ሽንት ሲያገኘው ቶሎ ይዝጋል። ይልቅ በጠፍጣፋ ብረት ጫኑትና በብሎን አሰሩት፤ ብሎኑ ሁሉ በውጭ በኩል ነው። ከውስጥ የጥንቸል ጥርስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቀለም እንዳይኖር አጥብቄ ለመንኳቸው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ትቆረጥማለች።

ልረከብ የሄድኩ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። በሩን ከፍተው ባዶ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና እያንዳንዱን ጠርዝና ጥግ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ዳበሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ። መዳፋቸውን አወጡ፤ ቀጭን ጭረት አለበት። ምንም ሳይሉ ሞረድ አንስተው የሽቦውን ጫፍ ሞረዱት፣ ደግመው ዳበሱት። በሩ ላይ ሁለት መሸጎሪያ ነው ያለው፣ ላይና ታች። አንዱን ውሻ በአፍንጫው ቢያነሳው ሌላው ይይዛል።

ዋጋው 11,800 ብር ሆነ፤ ግማሹን ቀብድ ከፍያለሁ። ለጭነት ባጃጅ 400 ጨመርኩና በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ይዤው ተሻገርኩ። ውድ ነው፣ አልክድም። ግን ያንን የሚታጠፍ ኬጅ ባልገዛ ኖሮ 6,500 ብሬ እጄ ላይ ነበር።

የሚነቀፍም አለ። በአምስት ቀን ይደርሳል የተባለው በአሥራ አንድ ቀን ነው የደረሰው፤ በመካከል እኔ ካልደወልኩ የሚነግረኝ አልነበረም። የውጭው ቀለም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ስምንት ቀን በረንዳ ላይ ባዶውን አቆየሁት። ትሪው ደግሞ ክረምት ላይ መያዝ ጀመረ፤ ነሐሴ ውስጥ ሁለቴ በመዶሻ ነው ያወጣሁት። አሁን የማሠራው ቢሆን ትሪውን በጣት ስፋት ጠበብ አስደርገው ነበር።

ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑ ከሁሉም በላይ አሳስቦኝ ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ቀን 30 ዲግሪ ይደርሳል። ጥንቸል እንደ እኛ አያልባትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። ስለዚህ ኬጁን ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥነውና ቆርቆሮው ላይ ድርብ የደንገል ምንጣፍ ጣልንበት፤ ከሐይቁ ዳር ከነገደ ወይጦ እናቶች የገዛሁት ነው። በጣም በሚሞቅ ቀን ውሃ የሞላ ሃይላንድ አቀዝቅዤ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባላቸዋለሁ። ጥጥ ወዲያው ሄዳ ጎኗን ታስደግፍበታለች።

እግሯ ለመዳን ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ጸጉሩ መጀመሪያ ስስ ሆኖ ነው የወጣው፤ አሁን በእጄ ሳላስስ ብቻ ነው ጠባሳው የሚታወቀኝ። ያ ድመት አሁንም ይመጣል። አንድ ቀን ማለዳ በመስኮት አየሁት፣ ኬጁን ሁለቴ ዞረና እጁን ሽቦው ላይ አሳርፎ ቆመ። ቡና ሳሯን እየበላች ነበር። ቀና ብላ አየችውና መብላቷን ቀጠለች።

ለማሠራት ያሰባችሁ፣ ከማዘዛችሁ በፊት የግቢያችሁን በር ስፋት ለኩ። የእኛ በር 72 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኬጁን በጎኑ አጋድመው ለማስገባት አራት ጎረቤቶች ነው የተረባረቡት።