የኋላ ጎማዬን ወደ መሀል የመለሱልኝ ጋሼ፦ ባሕር ዳር ሳይክል ላላችሁ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ለአንድ የሳይክል ጠጋኝ ምስጋናዬን ለማድረስ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቦታቸውን ግን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ መጨረሻ ላይ አለላችሁ።

ሳይክሌ ማውንቴን ናት። ያገለገለች ነው የገዛኋት። በሥራ ቀን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ታደርሰኛለች። እሑድ ጠዋት ደግሞ ቤዛዊት ዳገት ላይ እወጣባታለሁ። ከላይ ሆኖ ዓባይን ቁልቁል ማየት ለእኔ የሳምንቱ ትልቁ ደስታ ነው።

ከሦስት ወር በፊት የኋላ ጎማው የመሀል ዘንግ ተጣመመ። አንድ ቦታ ወስጄ አስቀየርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ጎማው ከመሀል ወጥቶ ወደ ግራ ሸሸ። በቀኝ በኩል በጎማውና በቴላዮው (ጎማዎቹን በሚይዘው የሳይክሏ ዋና አካል) መካከል እርሳስ ያለችግር ይገባል፤ በግራ በኩል ግን አይገባም። ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ ጎማው ቴላዮውን እየነካ ይፋጫል። ሁለተኛ፣ ማርሹ መዝለል ጀመረ።

መልሼ ወሰድኩት። ያገኙትን ሽቦ ሁሉ አጠበቁ፣ የፍሬኑን ጎማ በአንድ ወገን ገፋ አደረጉና «አሁን ተስተካክሏል» አሉኝ። አልተስተካከለም። ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ቴላዮው ተጣሟል፣ በመዶሻ እናቃናው አሉ። መዶሻውን ሳይ እምቢ ብዬ ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር የከፋኝ። ሳይክል ባሕር ዳር ላይ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው እግር ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ጋሼን የጠቆመኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ችግሩን ስነግራቸው በአክብሮት አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ማርሹና ጎማው የተበላሹት በአንድ ቀን ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ዘንጉን ባስቀየርኩ ቀን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይክሏን ገልብጠው አቆሟት። ቁልፍ ያነሳሉ ስል ሲባጎ አነሱ። ሲባጎውን ከኋላ፣ የጎማው ዘንግ ከሚቀመጥበት ከግራው ጫፍ አሰሩት። ወደ ፊት ወስደው መሪው በሚገባበት ቱቦ ዙሪያ አዞሩትና ወደ ኋላ መልሰው በቀኙ ጫፍ አጥብቀው አሰሩ። ከዚያ በማስመሪያ ኮርቻው ከሚቆምበት ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ለኩ። በግራ 32 ሚሊ ሜትር። በቀኝም 32 ሚሊ ሜትር።

«ቴላዮሽ ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ። በዚያች ደቂቃ ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ አልነግራችሁም። መዶሻ ሊያርፍበት የነበረው ይኸው ቴላዮ ነው።

ቀጠሉ። «ልጄ፣ የሚያጠፋው ወይ ጎማው ነው ወይ ቤቱ ነው። ቤቱ ነጻ ወጥቷል። ጎማውን ደግሞ እንጠይቀው።» ፍሬኑን ላላ አድርገው ጎማውን ፈቱ። ቀኙን ወደ ግራ አዙረው መልሰው አስገቡት። አሁን ጠባቡ ክፍተት በቀኝ ሆነ። ጎማው ሲዞር ችግሩም አብሮት ዞረ ማለት ነው። ቴላዮው ቢሆን ኖሮ ጠባቡ ክፍተት እዚያው በግራ ይቀር ነበር። ይህን ማንኛችንም ቤታችን ልናደርገው እንችላለን። አስር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሽቦ ወደ ማጥበቅ የሚሄዱ መሰለኝ። አልሄዱም። ዘንጉን ፈቱ። ከዳዶዎቹ ሥር ሮንዴላዎች (የብረት ቀለበቶች) አሉ። አንዱ ወፍራም፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው፣ በግራ መግባት ሲገባው በቀኝ ገብቷል። ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው እያሳዩ አስረዱኝ። የሳይክሌ የኋላ ቴላዮ የውስጥ ስፋት 135 ሚሊ ሜትር ነው። ሮንዴላው በቀኝ ገባ በግራ፣ ድምሩ ያው 135 ነው። ስለዚህ ጎማው ያለምንም ችግር ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስህተቱ ተደብቆ የቆየውም ለዚህ ነው። ግን መሀሉ ያለው ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚነሱበት የጎማው እምብርት) 4 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ይሄዳል። ሞዞው ላይ የተሰካው የማርሽ ጥርስም አብሮት ይሄዳል። ማርሹ ሲዘል የከረመው በዚህ ነው! ሁለት በሽታ ይመስለኝ የነበረው አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሞዞውን ከፈቱት አይቀር ውስጡን አዩት። የኩሽኔታውን ብዮች ጨርቅ ላይ አፍስሰው ቆጠሩ። በአንዱ ወገን 9፣ በሌላው 8። አንዷ ጠፍታለች። ከአንድ ቆርቆሮ ልኳን ፈልገው ጨመሩ። አሮጌውን ግራሶ በናፍጣ አጥበው አዲስ ቀቡ። ለዚህ ተጨማሪ ሂሳብ አልጠየቁኝም።

ሮንዴላው ወደ ቦታው ተመልሶ ጎማው ሲገባ ግን በተራው ትንሽ ወደ ቀኝ አለ። 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ያ የቀድሞው ሽቦ የማጥበቅ ሥራ ያመጣው ነው። በተሳሳተው ሮንዴላ ላይ ቸርኬውን (ጎማው የሚለብሰውን ክብ ብረት) በሽቦ ጎትተውት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ጎማውን ቀስ እያሉ አዞሩና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው መቱ። ልክ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። 36 ሽቦ ነው፣ በየወገኑ 18። የቀኞቹ ቀጠን ያለ ድምፅ አላቸው፣ የግራዎቹ ወፈር ያለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በቀኝ በኩል የማርሽ ጥርሶቹ ቦታ ስለያዙ የቀኞቹ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት፣ የግራዎቹ ግን ሰፋ ብለው ያዘነብላሉ አሉኝ። ቸርኬው በቴላዮው መሀል እንዲቆም የቀኞቹ የበለጠ መጥበቅ አለባቸው። ስለዚህ የቀኙን ከግራው ጋር አያወዳድሩም። ቀኙን ከቀኝ፣ ግራውን ከግራ ነው የሚያዳምጡት። ከመካከላቸው ድምፁ የተለየውን ሲያገኙ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል።

የክብሪት እንጨት በላስቲክ ቴላዮው ላይ አሰሩ። ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አቆሙት። ከዚያ የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉ። አየር ከሚሞላበት ቀዳዳ ጀምረው የቀኞቹን ሩብ ዙር ላላ፣ የግራዎቹን ሩብ ዙር ጠበቅ። አንድ ዙር ጨርሰው ጎማውን አዞሩ፣ አዩ። አሁንም ትንሽ ይቀረዋል። እንደገና ሩብ ዙር። ሲጨርሱ ጎማውን ፈትተው፣ ገልብጠው አስገቡት። ክፍተቱ በዚህም በዚያም እኩል ነው። እርሳሴን አውጥቼ በሁለቱም ወገን አስገባሁት። ገባ።

የፍሬኑንና የማርሹን ገመድ አስተካክለው ሲያበቁ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። የጠየቁኝ 300 ብር ነው። ቀደም ሲል ላልተሠራ ሥራ ከዚህ በላይ ከፍያለሁ። ልጨምር ብል «አይሆንም፣ የሥራዬ ዋጋ ይህ ነው» አሉ። ማታ ቤት ገብቼ ይህን ጽሁፍ ጀመርኩ። እሑድ ቤዛዊትን ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ቆሜ ረገጥኩ፤ ምንም የሚፋጭ ነገር የለም። ማርሹም አንዴ እንኳ አልዘለለም።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጋሼ ቸኩለው አይሠሩም። «ቶሎ በሉልኝ» ከተባሉ ሥራውን አይቀበሉም፤ እኔ ደግሞ ልክ ናቸው እላለሁ። ግማሽ ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ሳይክሏን አጥባችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ ላይ ስንጥቅ አይታይም ይላሉ። በዘይት የሚሠራ ፍሬን አይነኩም፣ እሱን ለሌላ ሰው ይመራሉ። አዲስ ዕቃ አይሸጡም። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልግ ግን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧችኋል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። አጠገባቸው በርጩማ አለ፤ የፈለገ ልጅ ተቀምጦ ሥራውን ያያል፣ ከጠየቀም ይመለስለታል።

ቦታው ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ፣ ዋርካው ሥር ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ነው። ከእሑድና ከበዓል ቀን በቀር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሉ። «ሲባጎ ያላቸው ጋሼ የት ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሰፈሩ ልጆች ያደርሷችኋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የጎረቤቴን ልጅ ሳይክል የፊታችን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፤ የእሱ ደግሞ የፊት ጎማው ነው።