ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይስ ሐዋሳ፦ ለደሞዝተኛ ቤተሰብ የትኛው ያዋጣል?

ልጆች ይዞ ወጣ ለማለት ሲታሰብ የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ "አልጋ ስንት ነው?" የሚል ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን ኪስ የሚያራቁተው አልጋው ብቻ አይደለም። ከሆቴሉ በር ውጪ ምን አለ? ወጣ ብሎ ሽሮ የሚበላበት ቤት፣ ውሃ የሚገዛበት ሱቅ፣ የሚያደርስ ባጃጅ አለ ወይስ የለም? አምስት ነፍስ ይዞ ለሚሄድ ሰው ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይሄ ነው።

እስቲ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መስመር ላይ ያሉትን ሦስቱን በዚህ ዓይን እንያቸው። ቤተሰቡ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ነው እንበል። የራሳቸው መኪና የላቸውም። ዋጋውን በብር ብዘረዝር ከርሞ ቀርቶ ለመጪው በዓል እንኳን አይደርስም። ስለዚህ የምቆጥረው ስንት ሰው ይሳፈራል፣ ስንት ክፍል ይያዛል፣ ስንት ሳህን ይታዘዛል የሚለውን ነው። የሰሞኑን ዋጋ እናንተው አባዙበት።

ቢሾፍቱ፦ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባሱ እንደሞላ ይነሳል። ጠዋት ሄዶ ማታ መግባት ስለሚቻል አልጋ ከነጭራሹ ከሂሳቡ ይወጣል። ለደሞዝተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የሐይቆቹ ዳርቻ አብዛኛው በሆቴልና በሪዞርት ተይዟል። ውሃውን ቁጭ ብሎ ለማየት የአንዱን በር ማለፍ ግድ ነው። በሩ ላይ በነፍስ ወከፍ ትከፍላላችሁ፤ ካልሆነም ምሳ እዚያው ታዝዛላችሁ። በዚያ ላይ የቢሾፍቱ ሐይቆች ብዙዎቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ከዳር ጀምሮ ይጠልቃሉ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ልጅ እግሩን ነክሮ የሚጫወትበት ዳር የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ደግሞ ውሃ አይቶ ዝም አይልም። ወይ የመዋኛ ገንዳ ይከፈልለታል፣ ወይ ኩሪፍቱ ያለው የውሃ መጫወቻ ይወሰዳል። ሁሉም በነፍስ ወከፍ ነው። አምስት ጊዜ ሲባዛ "ርካሽ" የተባለው ቀን ሌላ ቦታ አንድ ሌሊት ከማደር ጋር ሊስተካከል ይችላል።

መፍትሔው አንድ በር ብቻ መምረጥ ነው። እዚህ ቡና፣ እዚያ ዋና፣ ወዲያ ምሳ እያሉ የሚዞሩ ቤተሰቦች ናቸው ማታ ባዶ እጃቸውን የሚገቡት። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና የመግቢያው ዋጋ ምሳን ይጨምራል ወይ፣ ገንዳውን ይጨምራል ወይ፣ የልጅ ዋጋ ከስንት ዓመት በታች ነው ብላችሁ ጠይቁ። ምሳ የሚጨምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል የሆነበት ቦታ ስለሚበዛ ድፎ ዳቦውን ይዞ ሄዶ በር ላይ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅም አለ።

አንድ ቀን ግን ዝለሉ። ከመስቀል በኋላ ያለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ለበዓሉ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደስ ይላል። ጸጥ ብሎ ዓሣ ለመብላት ከሆነ ግን ያን ቅዳሜና እሑድ እርሱት።

ላንጋኖ፦ ውሃው ነፃ፣ ሌላው ሁሉ ውድ

ላንጋኖ የቢሾፍቱ ተቃራኒ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ መጀመሪያ ያየ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ቀለሙ ከደለል ነው እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ሰው ተዝናንቶ የሚዋኝበት እሱ ነው። ዳሩ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ ይውላሉ፣ ትኬት የለ፣ ሰዓት የለ። አንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ ከገባችሁ ለመዝናኛ የምታወጡት ምንም የለም።

ታዲያ ምኑ ነው ውድ? መጀመሪያ መንገዱ። የሻሸመኔና የሐዋሳ መኪኖች በዋናው አስፋልት ያልፋሉ። ሎጆቹ ግን ከአስፋልቱ ገባ ብለው ነው ያሉት። መገንጠያው ላይ ሻንጣና ሦስት ልጅ ይዛችሁ ብትወርዱ የሚቀጥለው እርምጃ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ኮንትራት መኪና የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ምግቡ ነው። ከበር ውጪ ከተማ የለም። የሎጁ ሜኑ ብቻ ነው ሜኑው። ሁለት ሌሊት ብታድሩ ቁርሱ ከአልጋው ጋር ቢሆን እንኳን ሁለት እራትና ሁለት ምሳ አለ። አምስት ሰው ነው፤ ሃያ ሳህን ሆነ። ሃያውም በሎጅ ዋጋ። አንዱ ልጅ ፓስታ አዝዞ ሁለት ጉርሻ በልቶ ወደ ውሃው ሲሮጥ የሚያንገበግበው እዚህ ነው። አንድ ሽሮ ወይም ፍርፍር ለሁለት ልጅ ማዘዝ አያሳፍርም። ውሃ በፓክ ከአዲስ አበባ ጫኑ። መቂና ባቱ ላይ ከመንገድ ዳር ሐብሐብና ፓፓያ ያዙ። ቆሎና በሶ ሻንጣ ውስጥ ካለ የአራት ሰዓቱ ርሃብ በነፃ ይታለፋል።

ሂሳቡን የሚገለብጠው ነገር ብዛት ነው። ላንጋኖን ብቻውን የሚሄድ ቤተሰብ ይጎዳል፤ ሁለት ቤተሰብ ሆኖ የሚሄድ ያተርፋል። አንድ ዶልፊን ሁለቱንም ይጭናል፣ የኮንትራቱ ዋጋ ለሁለት ይካፈላል። ልጆቹ እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ወላጅ ያርፋል። ድንኳን መትከል የሚፈቅዱ ቦታዎችም አሉ። እነሱ ጋ ከሰል አቀጣጥሎ ማብሰል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ከተቻለ ሃያው ሳህን ይቀራል ማለት ነው፤ ላንጋኖም ከሦስቱ ርካሹ ይሆናል።

ሐዋሳ፦ ሩቅ ናት፣ ግን ከተማ ናት

275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ያም ሆኖ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ለአንድ ሌሊት አይኬድም። ሁለት ሌሊት ዝቅተኛው ነው። አምስት ሰው ደርሶ መልስ አስር ወንበር ነው፤ ትንሹ ጭን ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ስምንት። የትራንስፖርቱ ወጪ ከቢሾፍቱ ጋር አይወዳደርም።

ግን ሐዋሳ ከደረሳችሁ በኋላ ገንዘባችሁን የምታዙበት እናንተ ናችሁ። አልጋው ከፔንሲዮን እስከ ኃይሌ ሪዞርት ድረስ በየደረጃው አለ። ሆቴል ስለበዛ ይፎካከራሉ፤ መደራደር ይቻላል። በር ላይ ባጃጅ አለ። ጠዋት ፉልና እንቁላል ፍርፍር፣ ከሰዓት ስፕሪስ፣ ማታ ሽሮ ወይም ጥብስ፣ ሁሉም በከተማ ዋጋ። እዚህም ሃያ ሳህን ነው የሚታዘዘው። ግን የሐዋሳ ሃያ ሳህንና የላንጋኖ ሃያ ሳህን አንድ አይደሉም።

ልጆቹስ ምን ይሠራሉ? ይሄ ነው ሐዋሳን የምወድበት። አሞራ ገደል በጠዋት ሂዱ። ጀልባዎቹ ዓሣቸውን ያራግፋሉ። ወጣቶቹ ቁጭ ብለው ቢላዋ ይዘው ዓሣ ያጸዳሉ፤ ቅርፊቱ እጃቸው ላይ ይብለጨለጫል። አንጀቱን ወደ ኋላ ሲወረውሩት አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። ራሰ በራ፣ ከትንሽ ልጅ የማያንሱ ወፎች ናቸው። ልጅ ወፍ ያን ያህል ሲያህል አይቶ አያውቅማ! ትንሾቹ ይፈራሉ፣ ትልልቆቹ ካልቀረብን ይላሉ። ከዚያ እዚያው ሙሉ ዓሣ ተሰነጣጥቆ፣ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። የዓሣ ሾርባውን አትለፉት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።

ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር ምንም አያስወጣም። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ታቦር ተራራ መውጣት ለሚችል ልጅ ጥሩ ድካም ነው፤ ማታ ቶሎ ይተኛል። ጉማሬ ለማየት በጀልባ መሄድ ከፈለጋችሁ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ የሚለውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ለቤተሰብ የሚያዋጣው በጀልባው ነው። ላይፍ ጃኬት ለልጆቹ ልክ ካልሆነ ይቅርባችሁ። ሐይቁ ውስጥ ግን ዋና የለም። ጉማሬው አለ፣ ውሃውም እንደ ላንጋኖ አይታመንም። ልጆቻችሁ "ዋና፣ ዋና" የሚሉ ከሆነ የሆቴል ገንዳ በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ሐዋሳ ገብርኤል ሕዝብ ይጎርፋል፣ አልጋ ይጠፋል። የሐምሌው በተለይ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ሳያስቡት የሚገጥማቸው ብዙ ናቸው።

ጎን ለጎን ሲቀመጡ

ቢሾፍቱ፦ አስር አጭር ጉዞ፣ ክፍል የለም፣ አምስት ሳህን፣ አምስት የመግቢያ ትኬት።

ላንጋኖ፦ ኮንትራት መኪና፣ ሁለት ሌሊት፣ ሃያ ሳህን በሎጅ ዋጋ፣ ለመዝናኛ ዜሮ።

ሐዋሳ፦ አስር ረጅም ጉዞ፣ ሁለት ሌሊት፣ ሃያ ሳህን በከተማ ዋጋ፣ ባጃጅና ከተፈለገ አንድ ጀልባ።

እኔ ብመርጥ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላሉት ቤት ቢሾፍቱን እላለሁ፤ ያን ዕድሜ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ማቆየት መዝናናት አይባልም። ከፍ ያሉ ልጆች ካሉና በዓመት አንዴ ብቻ መውጣት ከተቻለ ሐዋሳ። ላንጋኖ ጓደኛ ቤተሰብ ከተገኘ ብቻ።

ሶደሬን ለምን ተውከው የሚል አይጠፋም። ፍል ውሃው ለአያቶች ጥሩ ነው። አያት ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ከቢሾፍቱ ያስበልጠው ይሆናል። ጦጣዎቹ ግን ሙዝ ከእጅ ይቀማሉ። ወንጪ ውበቱ ሌላ ነው፤ ብርዱም ሌላ ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጃኬት ለሁሉም ያስፈልጋል። ፈረሱም በሰው ነው የሚከፈለው።

ዋጋ ስትጠይቁ

በስልክ የሚነገራችሁ የክፍል ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። "ፕላስ ፕላስ ነው" ካሏችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። ቫቱ ከነሰርቪሱ ሲሰላ 3,000 ብር የተባለው ክፍል 3,795 ይሆናል። ምግቡም ላይ እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው "ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?" ይሁን። አምስት ሰው ናችሁ ብለው ሁለት ክፍል ሊያስይዟችሁ ሲሉ አንድ ሰፊ ክፍል ላይ ተጨማሪ ፍራሽ ጠይቁ። ሁለት ሌሊት ሁለት ክፍል አራት ክፍያ ነው፤ በፍራሽ ሁለት ክፍያና ትንሽ ጭማሪ ይሆናል።

ጊዜ መምረጥም ዋጋ ነው። ፋሲካ፣ ጥምቀት፣ መስቀል ላይ ማንም አይቀንስላችሁም። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው። በሰኔ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ያሉ ሆቴሎች በስብሰባና በሥልጠና ይሞላሉ። ዐቢይ ጾም ላይ ግን ሆቴሉ ጭር ይላል፤ ያኔ ሒዱና ተደራደሩ። ከውጭ የመጡ ዘመዶች አብረዋችሁ ካሉ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን ይያዙ። ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ የሚያስከፍል ቦታ አለና።

ገንዘቡን ከአንድ ወር ደሞዝ ለማውጣት አትሞክሩ። ሦስትና አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ትንሽ የመዝናኛ እቁብ ጀምሩ። አብሮ የሚጥል አብሮ ስለሚሄድ ለላንጋኖው ጓደኛም ከዚያው ይገኛል።

ኮንትራት ስትይዙ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ የሹፌሩ አልጋና አበል በማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ላንጋኖ ከሆነ አድርሶ ተመልሶ በሦስተኛው ቀን እንዲመጣ ብታደርጉት ሁለት ቀን ቆሞ ከሚያስከፍላችሁ ይሻል እንደሆነ አስሉ። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከተመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ሳይመሽ ደርሳችሁ እንድትገቡ አድርጋችሁ ተነሱ። ሐዋሳ በሕዝብ ትራንስፖርት ከሄዳችሁ ደግሞ የመልሱን ትኬት በደረሳችሁበት ቀን ቁረጡ። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ሰው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ አምስት ወንበር አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።