የኛ ግመል ባለ አንድ ሻኛ ነው፦ ምስጋና ለፕሮግራሚንግ አስተማሪያችን

ሰላም ድሬዎች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ልጁ ስለ እሱ ሲወራ አይወድም። ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ አስምሎኛል። መሃላዬን እጠብቃለሁ፣ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የጽህፈት መሳሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አርባ ዓመት ሞልቶኛል። ባለፈው ዓመት «ፕሮግራሚንግ ልማር ነው» ስል ባለቤቴን ሻይ ትን አለው። አልተቀየምኩትም፣ ታሪኬን ያውቃል። በወጣትነቴ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምሬ ነበር። ፕሮግራሚንግ ላይ ኤፍ አገኘሁ። ደግሜ ወሰድኩት፣ ደግሞ ኤፍ። አስተማሪው ሰሌዳውን በኮድ (ኮምፒውተሩን በምናዝበት ጽሁፍ) ይሞላዋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ ከባዶ ጻፉ እንባላለን። ቢሮው ሄጄ የት ጋ እንደሳትኩ ስጠይቀው፣ «ይሄ ተሰጥኦ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» አለኝ። የሌላት እኔ መሆኔ ነው። ጥዬ ወጣሁ።

አሁን የማመሰግነው ልጅ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል። ልጅ የምለው በዕድሜ ስለምበልጠው ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲሰራ ያጠናው ጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ እንዴት እንደሚማሩ፣ የት ጋ እንደሚደናቀፉም ነው። ማታ ማታ እቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ስር፣ ስምንት ሰው ያስተምራል። ከስምንት በላይ አይቀበልም። ከኛ ጋር አንዲት ነርስ፣ አንድ ባጃጅ ሹፌርና ሁለት የሃይስኩል ተማሪዎች ነበሩ። የቀሩት የባንክ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተር አልተከፈተም። ወረቀት ላይ ሶስት መስመር ጻፈልን።

ሀ = 10
ለ = 20
ሀ = ለ

«አሁን ሀ ስንት ነው? ለስ?» አለ። እኔ ሀ 20፣ ለ ደግሞ ዜሮ አልኩ። ለ ያለውን ለሀ ሰጠ፣ ባዶውን ቀረ። አንደኛው ተማሪ ተለዋወጡ አለ። ነርሷ ይሄማ ውሸት ነው፣ 10 እንዴት ከ20 እኩል ይሆናል ብላ ተከራከረች። በምታውቀው ሂሳብ ከሄድን እውነቷን ነው።

ቲቸር አልሳቀብንም። «እትዬ፣ ለምን እንደዛ አልሽ?» አለኝ። (ድሬ ነው፣ አንቱታ አናበዛም።) ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «አንቺ ሱቅ ሰው መታወቂያ ይዞ ሲመጣና ኮፒ ስታደርጊለት፣ ኦሪጅናሉ ይጠፋል?» አለኝ። «ኧረ ምን ሲደረግ!» አልኩ። «በቃ። ለ መታወቂያው ነው። ኮፒው ሀ ጋ ሄደ። ሀ ጋ የነበረው አሮጌ ወረቀት ቅርጫት ገባ። ለ እንዳለ አለ።» ሁለቱም 20።

ሃያ ዓመት ሙሉ ያልገባኝን ነገር የገዛ ማሽኔ ስትሰራው ኖራለች። ማንም አልነገረኝማ!

ይህቺ የሶስት መስመር ጥያቄ ለካ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ያለው ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዒድ ደህናዲና ሪቻርድ ቦርናት አንድ ረቂቅ ጽሁፍ አሰራጩ። ገና ፕሮግራሚንግ ላልጀመሩ ተማሪዎች እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሰጥተው፣ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ከወዲሁ መለየት ይቻላል አሉ። ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው፣ ውጤቱን በግራፍ ብትስሉት ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ይመስላል፤ በአንዱ ሻኛ የሚችሉት፣ በሌላው የማይችሉት። ጽሁፉ ዓለምን ዞረ። የኔ የኮሌጅ አስተማሪ አንብቦት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሃሳቡ ግን ያው ነው።

ቲቸር ይህን ሲያወራ ባጃጅ ሹፌሩ አቋረጠው። «አቦ! ሁለት ሻኛ ያለው ግመል ደግሞ የት ነው ያለው?» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። በዚህ አገር የምናየው ሁሉ ባለ አንድ ነዋ።

ቦርናት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ጽሁፉን በይፋ ሰረዘ። እንደዚያ አድርጎ ሰው የሚለይ ፈተና አልነበረም፣ አሁንም የለም አለ። አጥፍቻለሁ ብሎ በአደባባይ መጻፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ለባለቤቴ እንኳን ይከብደኛል። በ2016 ደግሞ ኤሊዛቤት ፓቲትሳስና ባልደረቦቿ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የ778 ኮርሶች የውጤት ስርጭት ወስደው መረመሩ። ከአንድ በላይ ጉብታ የተገኘባቸው 5.8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያን ማታ ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። ለነገ ፎቶ ኮፒ የተሰጠኝን ሁሉ ትቼ ተኛሁ።

የሚያስተምርበትን መንገድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የልጁ ሙያ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ማንበብ፣ መጻፍ ኋላ። አጭር ኮድ ያሳየናል፣ ከመነካቱ በፊት ምን እንደሚያወጣ በእርሳስ እንጽፋለን። ከዚያ እናስኬደዋለን። ግምታችን ሲስት ለምን እንደሳተ እንፈልጋለን። ቀጥሎ አንድ ነገር እንለውጥበታለን። የራሳችንን የምንጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። አካሄዱን ያወጡት እንግሊዝ አገር ሱ ሴንታንስና ጓደኞቿ ናቸው። ከኪሱ እንዳላመጣው እሱም ደጋግሞ ይነግረናል።

ማንበብ ለምን ይቀድማል ስንለው እንዲህ ብሎ አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ2001 በአራት ዩኒቨርሲቲዎች 216 ተማሪዎች የመጀመሪያውን ኮርስ ከተማሩ በኋላ ፕሮግራም ጻፉ ተባሉ። አማካይ ውጤታቸው ከ110 ውስጥ 22.89 ሆነ። አስተማሪዎቹ ደነገጡ። በ2004 ሬይመንድ ሊስተርና ሌሎች በሰባት አገር የተጻፈ ኮድ ብቻ እንዲያነቡ ፈተኑ። ብዙ ተማሪ ማንበቡም ያታግለው ነበር። ፊደል ሳይለይ ድርሰት ጻፍ የተባለ ልጅ አስቡ። እኔ እሱ ነበርኩ።

ሌላው ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ትክክለኛውን ኮድ መስመር በመስመር ቆርጦ ያደባልቀዋል፣ እኛ በቅደም ተከተል እንደረድራለን። ኒውዚላንድ ውስጥ ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሻ ሄደን እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ልምምድ ነው። የድሬ ሙቀት ባለበት ግን ቬንትሌተር አብሮ ስለሚሰራ ሁለት ጊዜ ወረቀታችን ግቢው ውስጥ ተበተነ። የነርሷ አንድ መስመር እስካሁን አልተገኘም። አሁን ወረቀቱን ካርቶን ላይ እያጣበቅኩ የማመጣው እኔ ነኝ፣ በነጻ።

ኮዱን ጮክ ብለንም እናነባለን። ልጅ ሳለሁ ሀሁ የቆጠርኩት እንደዚያ ስለሆነ አልከበደኝም። የባንኮቹ ልጆች ግን ሳምንት ሙሉ አፈሩ።

አንድ ስህተቴን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከብዙ ዕዳ ትልቁን የሚፈልግ ኮድ ስጽፍ ቫሪያብሉን (እንደ ሀ እና ለ ቁጥር የሚይዘውን) «ትልቁ» ብዬ ሰየምኩት። (ፓይተን በሚባለው የምንማርበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቫሪያብልን በፊደላችን መሰየም ይቻላል፣ ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።) በቃ ስሙን ሰጥቼዋለሁ፣ ትልቁን ራሱ ይይዛል ብዬ ቁጭ አልኩ። አልያዘም። ቲቸር ይህም የታወቀ ስህተት ነው አለኝ። ሮይ ፒ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ጽፎበታል፤ ጀማሪ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሃሳቡን የሚረዳለት አእምሮ ያለ ይመስለዋል። «ማሽኑ የጻፍሽውን ነው እንጂ ያሰብሽውን አያይም» አለኝ። «ፎቶ ኮፒሽ የተሰጣት ወረቀት ውል ይሁን የፍቅር ደብዳቤ ታውቃለች?»

ዛሬ ምን ላይ ደረስኩ? የሱቄን ዱቤ የሚይዝ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። 64 መስመር ናት፣ ቆጥሬያታለሁ። ማን ምን ያህል ወረቀት እንደወሰደና ማን ሰላሳ ቀን እንዳለፈው ታወጣለች። የመጀመሪያ ቀን ያገኘችው የኔን ጥፋት ነው። አንድ ደንበኛዬን አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ አስከፍዬው ኖሯል። ጠርቼ መለስኩለት። አውቆ ዝም ብሎኝ ይሁን ሳያውቅ ቀርቶ እስካሁን አልገባኝም።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ጥቆማ ነውና። ልጁ ሰዓት አያከብርም። 12 ተኩል ማታ ካለ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ስልኩ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ሰርተፍኬት አይሰጥም፣ ስለዚህ ለስራ ማመልከቻ ወረቀት የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ። በፍጥነት አፕ ሰርቼ ልሽጥ የሚልም ይሰለቻል፤ አንዱ የባንክ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት የቀረው «እስከመቼ ወረቀት?» ብሎ ነው። ክፍያው በወር 1,200 ብር ነው። ለተማሪዎቹ ቀንሶላቸዋል፣ ስንት እንደሆነ አልነገሩንም።

ቲቸር፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ፣ ስምህን አልጠራሁም፣ እንዳትቆጣኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

የምትፈልጉ ከዚራ ሱቄ ጎራ በሉ፣ ከእሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። ላፕቶፕ ባይኖራችሁም ግድ የለም። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ላጲስ እኔ ጋ አለ።