ባለሁለት ገንዳው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሕፃን ባለበት ቤት፦ ጎንደር ላይ ከክረምት እስከ ፋሲካ

ሁለት ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ልብስ ማጠብን የሚያከብደው ጉልበቱ አይደለም። ጉልበት ይገኛል፤ እኛም ቤት በሳምንት ሁለቴ እየመጡ የሚያጥቡልን እናት አሉ። የማይገኘው ውኃው፣ መብራቱ፣ ፀሐዩና የልጆቹ እንቅልፍ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ሰዓት ነው። ይህን ማሽን የገዛነው ሰኔ ላይ፣ ትንሿ ልትወለድ ጥቂት ሲቀራት ነበር። ክረምቱን፣ የክርስትናውን ድግስና የጥምቀትን እንግዳ ሁሉ አይቷል፤ አሁን ፋሲካም አልፏል። ስለዚህ የሚመሰገንበትንም የሚያናድድበትንም ለይቼ መናገር እችላለሁ።

ሰሚ አውቶማቲክ የሚሉት ዓይነት ነው። በአንዱ ገንዳ ይታጠባል፣ በሌላው ይጨመቃል፤ ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰው ነው። ላዩ ላይ 7 ኪሎ ይላል፤ ያ የደረቅ ልብስ ክብደት ነው፣ ያውም የማጠቢያው ብቻ። መጭመቂያው ከዚያ ያነሰ ስለሚይዝ አንድ እጥበት በሁለት ዙር ይጨመቃል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ዋጋውንም አልጽፍም፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ ገዢ አይጠቅምም።

«ካልቀረ ለምን ፉል አውቶማቲኩን አልገዛችሁም?» የሚለን ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት፣ በቀጭኑ። ፉል አውቶማቲክ የቧንቧ ግፊት ይፈልጋል። ውኃው መሐል ላይ ከተቋረጠ በሩን ቆልፎ፣ ልብሱን በሳሙና እንደነከረ ይቀመጣል። የእኛው ውኃው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከሮቶ ይቀዳ፣ ከጀሪካን ይገልበጥ፣ በክረምት ከአሸንዳ የተጠራቀመ ይሁን፣ ገንዳው እስከ ምልክቱ ከሞላ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ክዳኑ ይከፈታል፣ ልብሱ ይወጣል፣ የቀረው በእጅ ይጨረሳል። ጎንደር ላይ ለሚኖር፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ ሮቶ ለሌለው ሰው፣ ምርጫው እዚህ ላይ ያልቃል ባይ ነኝ።

አንድ ሙሌት ከሁለት ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። ሲሰሙት ብዙ ነው፤ ቁጠባው የሚገኘው ከተራው ነው። በመጀመሪያው የሳሙና ውኃ የሕፃኗ ነጫጭ ይገባል፣ ሲወጣ በዚያው ውኃ የትልቁ ቲሸርትና ሱሪ፣ ከዚያ የባለቤቴ ጂንስ፣ መጨረሻ ላይ የወለል ጨርቅ። እያንዳንዱ ዙር ሳይለቀለቅ በፊት ይጨመቃል። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መጭመቂያው ሳሙናውን አስቀድሞ ስለሚያወጣው በሳፋ ሦስት ጊዜ የሚለቀለቀው ልብስ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ይበቃዋል። ከዚያ ገንዳው ይደፋና በንጹሕ ውኃ በዚያው ተራ ይለቀለቃል። የተለቀለቀበት ውኃ በባልዲ ለሽንት ቤት ይቀመጣል። በሳፋ ስናጥብ ከሚያልቀው የበለጠ አላስጨረሰንም፤ የክርስትናው ሰሞን እንዲያውም ያነሰ ነበር።

ሽንት ጨርቁን ለብቻው ላንሳው፤ ማሽኑን ያስገዛን እሱ ነውና። ለሌሊትና ለመንገድ ዳይፐር እንገዛለን፤ ቀን ቀን ትንሿ ጨርቅ ነው የምታደርገው። ወንድሟ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ፖፖ እየለመደ ነው። «እየለመደ» ማለት ሱሪው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር እናቶች ታውቃላችሁ። ካካ ያለበት ጨርቅ በቀጥታ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ሽንት ቤት ይራገፋል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው ለብ ባለ ውኃ የሚታጠበው። ማሽኑ ራሱ ውኃ አያሞቅም፤ በድስት አሙቀን ከቀዝቃዛ ጋር እንቀላቅላለን፤ ገንዳው ፕላስቲክ ስለሆነ የፈላ አይደፋበትም። የልብስ ማለስለሻ አንጠቀምም፤ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ሽንት መምጠጡን ይቀንሰዋል።

በረኪና የሚወድ ቤት ካለ አንድ ነገር ልበል። ሽንት ያለበትን ጨርቅ ሳያጥቡ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ጥሩ አይደለም። በሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪናው ጋር ሲገናኝ ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ደግሞ የባሰ ነው። በረኪናን በሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጦ መሬት ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ትልቁ ልጅ በሃይላንድ ያለን ነገር ሁሉ ውኃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው።

አሁን ወደ መጭመቂያው። ማሽኑ ሁለት ግማሽ ካለው ገንዘቡን የሚያወጣው ይኸኛው ነው። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ይላል፣ ቀትር ሳይርቅ ደመናው ይወርዳል። በእጅ የተጨመቀ ጨርቅ በዚያች ሰዓት አይደርቅም። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት በረንዳው፣ የወንበሩ መደገፊያ፣ የአልጋው ራስጌ ሁሉ ልብስ ነበር፤ ቤቱም ሻጋታ ሻጋታ ይል ነበር። ብዙ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ዙሪያውን ማድረቅ ልማድ ነው፤ ሕፃን በተኛበት ዝግ ክፍል ግን የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ከመጭመቂያው የወጣ ሽንት ጨርቅ እጅ ላይ ቀለል ብሎ፣ ጠብታ ሳይኖረው ነው የሚሰጣው። መለያው ላይ በደቂቃ 1300 ዙር ይላል፤ ዙሩን አልቆጠርኩም፣ ጠዋት የተሰጣው ዝናቡ ሳይመጣ መነሳቱን ግን አይቻለሁ። ወፍራሙ ሱሪና ሹራብ አይደርቅም፤ እሱ አሁንም ሌሊቱን ቤት ያድራል።

የሚያጥቡልን እናት፣ እትየ ነው የምንላቸው፣ መጀመሪያ ማሽኑን ሲያዩ ቅር ብሏቸው ነበር። እንጀራቸውን የሚነካ መስሏቸው እንደሆነ ገብቶን ቀናቸውን አልቀነስንም። አንድ ቀን ሲያጥብ ቆመው አዩት፤ የሸሚዙን አንገት አውጥተው ገልበጥ አድርገው ተመለከቱና «ልጀ፣ ይኸ እኮ ያሽከረክራል እንጂ አያሽም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የአንገትና የእጅጌ እድፍ፣ የሽሮ ጠብታ፣ ትልቁ አፈር ላይ የተንበረከከበት ጉልበት፣ እነዚህ አስቀድመው በሳሙና ካልታሹ ማሽኑ እንደነበሩ ነው የሚመልሳቸው። ከዚያ በኋላ እትየ ራሳቸው ስምምነት አበጁ፤ «ማሸቱን ለኔ፣ መጭመቁን ለሱ»። አሁን እድፉን በእጃቸው አሽተው ገንዳው ውስጥ ይጨምሩና መቆጣጠሪያውን ጠምዝዘው ቡናቸውን ይጠጣሉ። አማቴ ግን እስካሁን አላመኑም፤ ነጠላቸውን ለማሽን አይሰጡም። የጥበቡ ጠርዝ ስለሚጎዳ እኔም አልከራከራቸውም።

ጋቢ አታስገቡ። በደረቁ ቀላል የሚመስለው ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ሌላ ነገር ይሆናል፤ መጭመቂያው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ ማሽኑን ድም ድም እያሰኘ በረንዳው ላይ ያስኬደዋል። ልብስ ሲገባ ዙሪያውን እኩል መደርደር አለበት፣ ላዩ ላይ ደግሞ አብራው የምትመጣው ክብ ፕላስቲክ መጫን አለባት። ብዙ ሰው ያቺን ፕላስቲክ ይጥላታል። የሕፃን ካልሲ ግን ያለ እሷ ወደ ላይ ተወርውሮ በሚሽከረከረው ቅርጫትና በውጪው ገንዳ መሐል ይገባል፤ ከዚያ ቅርጫቱ ይጎተታል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል። ካልሲና ኮፍያ በትንሽ መረብ ከረጢት ታስሮ ይግባ።

ድምፁም ነገር አለው። የማጠቢያው ወዲያና ወዲህ ማለት ትንሿን ያስተኛታል፤ የመጭመቂያው ጩኸት ግን ያነቃታል። እኛ ቤት ሥራው በዚህ ተከፋፈለ፤ ስትተኛ ይታጠባል፣ ስትነሳ ይጨመቃል። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት የግል ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የተሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፣ ሦስቱንም ከዚህ ማሽን ጋር ነው ያሳለፋቸው። ደግ ሆነ። እኔ አራስ ቤት ገንፎዬን ስበላ እሱ ለምዶት ስለቀረ፣ ሥራ ከገባሁ በኋላም ጠዋት ሳይወጣ አንድ ዙር የሚያስገባው እሱ ነው። በሳፋ ቢሆን አይቀመጥም ነበር፤ እቃውን ከልጆቹ በላይ የወደደው ይመስለኛል። ለእኔ ለውጡ ይኸ ነው፤ ድሮ ልብስ ማጠብ አንድ ሙሉ ቀን ይበላ ነበር፣ ቀኑም ካልተገኘ ይከመራል። አሁን ሩብ ሰዓት ሲገኝ ይታጠባል፣ ልጅ ካለቀሰ ይቆማል፣ ማታ ይጨመቃል። የጥምቀት ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ አንሶላ በየቀኑ ሲቀየር ያላበድነው በዚህ ነው።

ከልጅ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ማስቀመጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልቁ በርጩማ ጎትቶ ገንዳውን ማየት ይወዳል፤ መቆንጠጫ ማቀበል ሥራው ስለሆነ ባለቤትነት ይሰማዋል። ውኃ የሞላ ገንዳ፣ ባልዲም ቢሆን፣ ለዚህ ዕድሜ ልጅ ያሰምጣል፤ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ይከብደዋልና በጭንቅላቱ ከወደቀ መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ውኃ አያድርበትም፣ ባልዲውም ክዳን አለው። የመጭመቂያው ክዳን ሲከፈት ቅርጫቱ ወዲያው አይቆምም፤ ለትንሽ ጊዜ ይዞራል፤ የልጅ እጅ ደግሞ ፈጣን ነው። ሶኬቱ ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል።

የተበላሸው ምንድን ነው? ኅዳር ላይ የማጠቢያው ቺንጋ ላላ፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ልብሱ ቆሟል። ጠጋኙ ከኋላ ያለውን ሽፋን ፈትቶ ወዲያው ወጠረው። የካቲት ላይ የባሰ መጣ። ማታ ማታ መብራቱ ሲዳከም ማሽኑ «እምምም» ብሎ አልነሳም አለ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሄዶ ነበር። እንዲህ ሲል ቶሎ ማጥፋት ነው፤ እያጉረመረመ ከተተወ የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል። ካፓሲተሩ ከሱቁ አልተገኘም፣ የሸጠን ነጋዴም ዋስትናው ሞተሩን እንጂ ይህን አይጨምርም አለ፤ ፒያሳ አካባቢ ተገኝቶ ተቀየረ። አሁን የመብራቱን ከፍና ዝቅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አለው፤ እንጀራ ሲጋገር ደግሞ አይከፈትም። ማሽኑ ራሱ ብዙ አይበላም፤ ምጣዱ ግን ብቻውን 3 ሺህ ዋት አካባቢ ይጎትታል፣ ያኔ የቤታችን መስመር ለሌላው የሚተርፈው ትንሽ ነው። የመጭመቂያው መቆጣጠሪያ አሁን አልፎ አልፎ ከአንድ ደቂቃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በጣት መታ ሲደረግ ይለቃል።

ለሚገዛ ሰው ሱቁ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ። ውኃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፣ የሚገፋ ፓምፕ የለውም። ቱቦው ከማሽኑ ሥር ዝቅ ብሎ ካልወረደ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ በረንዳችን ላይ በአራት ብሎኬት ከፍ አድርገነዋል፣ አሁን እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ብሎኬቱ ላይ ጎማ አንጥፉበት።

ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ከጎን ያሉት ጎረቤታችን፣ እርሳቸውም አራስ ልጃቸው ቤት ናት፣ በሳፋ ያጠቡትን እያመጡ መጭመቅ ጀምረዋል። አንድ ጀሪካን ውኃ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አይሆንም ብንልም አይሰሙም። ሐምሌ ላይ ሰልፉ በሁለት ቤት የሚያቆም አይመስለኝም፤ ባለቤቴ ከአሁኑ ተለዋጭ ካፓሲተር ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧል።