የላዳ ታይሚንግ ሰንሰለት «ተቀየረ» ሲሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ላዳ ያላችሁ በሙሉ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ በታክሲ ሥራ የምታውሉ፣ ተጠንቀቁ። ሞተሩ ከፊት በኩል መንኳኳት ሲጀምር «ሰንሰለቱ (ከክራንኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው) አልቋል» ይባላል፣ የዕቃና የእጅ ዋጋ ይከፈላል፤ የተሠራው ግን የሰንሰለቱን መወጠሪያ ማስተካከል ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ድምፁ ወዲያው ስለሚጠፋ ባለመኪናው አመስግኖ ይሄዳል።

ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። የመወጠሪያው ዳዶ በ13 ቁልፍ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ይላላል፣ ክራንኩ በ38 ቁልፍ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሦስት ዙር ይዞራል፣ ዳዶው ተመልሶ ይታሰራል። ሰንሰለቱ ጤነኛ ከሆነ ይህ ይበቃል። የቀለበቶቹ መጋጠሚያ ፒንና ቡሽ ተበልቶ ሰንሰለቱ ከረዘመ ግን መወጠሪያው የሚገፋበት ቦታ ያልቅበትና መንኳኳቱ ይመለሳል። በፋብሪካው መመሪያ 4 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሰንሰለት ይጣላል።

ትክክለኛ ቅየራ የሞተሩ የፊት ክዳን ሳይወልቅ አይሠራም። ቺንጊያው፣ ፋኑ፣ የክራንኩ ፑሊ መነሳት አለባቸው፤ የዘይት ቋቱ የፊት ብሎኖችም ይፈታሉ። ስለዚህ መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ከአንዱ የክዳን ብሎን ራስ እስከ ክዳኑ ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩ። ስትመለሱ መስመሩ እንዳለ ከሆነ ማንም አልከፈተውም፤ አትክፈሉ።

ሌላው ኪሳራ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሮ የቀረውን እንዳለ መተው ነው። ጥርሳቸው እንደ መንጠቆ የተቆለመሙ ስፕሮኬቶች (ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሳም ጎማዎች) አዲሱን ሰንሰለት በአጭር ጊዜ ይበሉታል። ሦስቱ ስፕሮኬቶች፣ የመወጠሪያው ጫማ፣ ንዝረት የሚያበርደው ማገጃና የፊቱ ኦይል ሲል (40 በ56 በ7) አብረው ይቀየሩ። አሮጌዎቹን በሙሉ ተረከቡ፤ «ጥለነዋል» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ዕቃውን ራሳችሁ ሶማሌ ተራ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬው ሳይሆን ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) አንብቡ፤ በግራ በኩል ከዘይት ፊልትሮው በላይ ተመትቷል። 2101 እና 21011 የሚል የዓይነት ቁጥር ያላቸው ሞተሮች ባለ114 ቀለበት ሰንሰለት ይወስዳሉ። 2103 እና 2106 ብሎካቸው ከፍ ስለሚል 116 ነው። ሁለቱም ድርብ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ባንኮኒው ላይ ቁጠሩ። «ቆርጠን እናሳጥረዋለን» ካሏችሁ ዕቃውን መልሱ። የ2105 ባለ1.3 ሊትር ሞተር ከነጭራሹ ሰንሰለት የለውም፤ የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጊያ ነው፣ የፊት ክዳኑም ፕላስቲክ ነው።

አገጣጠሙ ላይ በብዛት የሚረሳው ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ነው። የዘይት ፓምፑንና ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ረዳት ዘንግ በዚሁ ሰንሰለት ስለሚነዳ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ቦታ ከተዛባ የሰንሰለቱ ምልክቶች ትክክል ሆነውም ሞተሩ እየተኮሰ ይሠራል፣ ጉልበት ያጣል። የኢግኒሽን (የእሳቱ ጊዜ) ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ይለካ።

የቫልቭ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት እዚያው ቁሙ። ክራንኩ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙርላችሁ። የፑሊው ምልክት ከፊት ክዳኑ ረጅም መስመር ጋር፣ የካምሻፍቱ ስፕሮኬት ምልክትም በካምሻፍቱ ቤት ላይ ካለው ጉብታ ጋር በአንድ ጊዜ መግጠም አለባቸው። የካምሻፍቱ ብሎን መቆለፊያ ቆርቆሮ መታጠፉንም በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡን ክፈሉ።