በኤሌክትሪክ የሚነዝረው የውሻ አንገት ማሰሪያ፦ ዕቃውና ሊያገኘው የሚገባ ሕግ

ለውሻ ማሠልጠኛ ተብሎ የሚሸጠው ይህ የአንገት ማሰሪያ በውስጥ በኩል ሁለት አጫጭር የብረት ጫፎች ያሉት ሲሆን፣ ባለቤቱ ከርቀት የሪሞቱን ቁልፍ ሲጫን ኤሌክትሪክ በብረቶቹ በኩል አልፎ የእንስሳውን አንገት ይነዝራል። በዕቃነቱ ብቻ ከተመዘነ ጠንካራ ነው፤ ውኃ አያስገባም፣ ባትሪው ይቆያል፣ ሪሞቱም አይዘገይም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ብቃት የዋለው ሕመምን ለማድረስ በመሆኑ ማንም እንዲገዛው አልመክርም።

ክንዴ ላይ ስሞክረው ዝቅተኛው ደረጃ እንደ ቁንጥጫ ተሰማኝ፤ ከፍ ሲል ግን እጄ ሳላዝዘው ተፈናጠረ። እኔ የሚመጣውን አውቅ ነበር፣ ማሰሪያውንም መፍታት እችል ነበር፤ ውሻው ግን ሁለቱንም አልታደለም። ሕመሙ ከየት እንደመጣ ስለማይረዳ በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ካየው ሕፃን ወይም ሌላ ውሻ ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ጠበኝነትን ያስወግዳል ተብሎ የተገዛው መሣሪያ ራሱ ጠበኝነትን ሊያባብስ ይችላል። ብረቶቹ ቆዳን እንዲነኩ ማሰሪያው መጥበቅ ስላለበት ለረጅም ሰዓት ከታሰረ አንገቱ ይቆስላል። ከሁሉም የከፋው ጩኸት ሲሰማ በራሱ የሚነዝረው ዓይነት ነው፤ ፈርቶ የጮኸ ውሻ ይነዘራል፣ ስለተነዘረም ይጮኻል፣ በአጠገቡም የሚያቆምለት ሰው የለም።

ዌልስ እነዚህን ማሰሪያዎች መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላለች። የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤትም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 አጠቃቀማቸው ከአገሪቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። በእንግሊዝና በዌልስ በእንስሳት ላይ ለሚፈጸም ጭካኔ የሚወሰነው ከፍተኛ ቅጣት በ2021 ከ6 ወር ወደ 5 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል፤ ይህን እርምጃ ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም ከባድ ቅጣት በአብዛኛው የሚደርሰው ውሻን ደብድቦ አጥንት የሰበረውን ሰው ነው፤ በቁልፍ የሚፈጸመው ጭካኔ ብዙ ጊዜ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ምልክት አይተውም። በመሆኑም ሕጉ የተጠቃሚውን ቅጣት ከማክበድ ባሻገር የመሣሪያውን ሽያጭ መከልከልና ሻጩንም ተጠያቂ ማድረግ፣ ጥፋተኛ የተባለውም ሰው እንስሳ እንዳይዝ ማገድ ይገባዋል።

ውሻቸው ጥሪ የማይሰማ ባለቤቶች ረጅም የማሠልጠኛ ገመድና እንስሳው የሚወደውን ምግብ ይዘው ቢጀምሩ የተሻለ ነው፤ በተመለሰ ቁጥር ወዲያው ይሸለም። ማሰሪያውን አስቀድመው የገዙ ካሉ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት ወይም እንዳይሰጡት እለምናለሁ።