ጠባሴ ላለችው ድራፍተር ልጅ ምስጋና ይድረሳት

ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልትሰሩ የተነሳችሁ። ምስጋና መጻፍ ብዙም አልችልበትም ግን ይቺን የቤት ፕላን የምትስል ልጅ ዝም ብዬ ባልፋት ነውር ነው።

ቦታዬን መንገዱ ሰያፍ ቆርጧት ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ የፊቷ አንዱ ጥግ 90 ዲግሪ ሳይሆን 60 ነው። ፕላኑን መጀመሪያ ያሰራሁት ሌላ ሰው ጋ ነበር (ስም አልጠራም፣ እንጀራው ነው) ሬቪት በሚባለው የፕላን መስሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሰራው፣ 3ዲው ሲታይ አቤት ማማሩ፣ እኔም ፕሪንት አስደርጌ እየተኩራራሁ ለግንበኛዬ ሰጠሁት። ግንበኛዬ የመንዝ ሰው ነው። ወረቀቱን ወዲህ አዞረው ወዲያ አዞረው፣ ከዛ ጥፍሩን ሹሏ ጥግ ላይ አሳርፎ "ይቺ 7 ሜትር ከ20 የምትለው ከየት ነው የምትነሳው፣ ከውጭው ጫፍ ነው ከውስጡ?" አለኝ። እኔ ምኑን አውቄው። "እሱ ሳይታወቅማ ሲባጎ አልወጥርም" ብሎ መለሰልኝ። ያኔ ተናድጄበት ነበር።

ልጅቷ ጋ የላከኝ የስራ ባልደረባዬ ነው። ፋይሉን ከፍታ ጥጓን ዙም አድርጋ አሳየችኝ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጋጥመው ሳይሆን አንዱ አንዱ ላይ ወጥቶ ነው ያለው፣ የአንደኛው ጫፍ እንደ ዶሮ አፍ ሾሎ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ለካ የመጀመሪያው ሰው ጥጓ አልገጥም ስትለው ጫፉን ራይት ክሊክ አድርጎ ዲስአላው ጆይን (አይጋጠም እንደማለት ነው) ብሎ ትቶታል፣ ፕሮግራሙ ግድግዳዎቹ ተደራርበዋል ብሎ ሲያስጠነቅቀውም ዘግቶ አልፏል።

እሷ መጀመሪያ ሎኬሽን ላይኑን (ግድግዳው የሚለካበትን መስመር) ወደ ውጭው ፊት ቀየረችው፣ የኔ ወሰን የሚለካው ከውጭ ስለሆነ። ከዛ ጆይኑን መልሳ ፈቀደች፣ ትሪም በሚባለው መሳሪያ ሁለቱን ጥግ ላይ አገናኘቻቸው፣ ዎል ጆይንስ (የግድግዳ መጋጠሚያው) ውስጥ ገብታ "በት" (አንዱ ሌላው ላይ ተደግፎ የሚቆምበት) የነበረውን "ማይተር" አደረገችው፣ በቃ ሁለቱም እኩል በሰያፍ ተቆርጠው ጥርት ያለች ጥግ ሆነች። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅባት ነው።

እኔ አለቀ ብዬ ልነሳ ስል "ጋሼ ቆዩ እንጂ፣ ይሄ ስክሪን ላይ ነው የሚያምረው፣ ግንበኛው በምን ሊሰራው ነው?" አለችኝ። ስልኳን አውጥታ አሰላችልኝ፦ የ20 ብሎኬት ግድግዳ (ውፍረቱ 20 ሳንቲም የሆነ) በ90 ዲግሪ ሲገናኝ ከውስጥ ጥግ እስከ ውጭ ጫፍ 28 ሳንቲም ገደማ ነው፣ በ60 ሲሆን ግን 40 ይሞላል፣ እዛች አንድ ጥግ ላይ ብቻ የግድግዳው የውጭና የውስጥ ርዝመት ወደ 35 ሳንቲም ይለያያል። ያ ሰውዬ የጠየቀኝ ለካ ይሄንኑ ነው! እኔ ደሞ ስራ ሊያጓትትብኝ ነው ብዬ ስንት ነገር አስቤበታለሁ። ብሎኬቱም ቢሆን አራት ማዕዘን ነገር ነው፣ ለሹል ጥግ ሲቆረጥ ጫፉ ይፈረፈራል። ስለዚህ ሹሏን ቆርጣ ኮለን (ምሰሶ) አስገባችበት፣ የኮለኑን ብረት ግን ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ሳያየው እንዳታሰሩ ብላ አስጠንቅቃኛለች፣ የውጭና የውስጥ ልኩንም ለየብቻ ጻፈችው።

ወረቀቱን ለግንበኛዬ ስሰጠው ምንም አላለም፣ ሲባጎውን ከኪሱ አወጣ።

ያስከፈለችኝ ካሰብኩት ከግማሽ በታች ነው፣ ጨምሬ ስሰጣት እንቢ አለች። እንከን አውጣ ካላችሁኝ ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ስሜን አትጻፉ ስላለችኝ ነው እንጂ እጽፈው ነበር፣ ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ጠዋት ከሆነ የምትሄዱት ጋቢ ያዙ፣ ቢሮዋ ፀሐይ አያገኘውም።